ዐሥሩም ሄደዋል፤ የተመለሰውስ?

(የበገና ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ይሰማል፤ ከዚያ ከንግግሩ ሥር ዝቅ እያለ ይጠፋል)

ማጀት ገብታችሁ ሽንኩርት እየከተፋችሁ የምትሰሙን፣ ታክሲ ውስጥ ሾፌሩን «እባክህ ጣቢያውን አትቀይርብን» ብላችሁ የለመናችሁልን፣ ሱቃችሁን ከፍታችሁ ገበያተኛ የምትጠብቁ፣ ሁላችሁም ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሳምንታዊው የክርስትና ሕይወት ዝግጅታችን ጀምሯል።

የዛሬው ርእሳችን ምስጋናና በእግዚአብሔር መታመን ነው። «ይህንማ እናውቀዋለን» የሚል ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። አዎ፣ እናውቀዋለን። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ በጣም ስለምናውቀው ቆም ብለን አናየውም። ዛሬ አብረን ቆም እንበል።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። የቅዱስ ገብርኤል በዓል በ19 ስለሚውል በዚህ ሰሞን የሐረርጌ መንገድ በተሳላሚ ይሞላል። አንዱ በመኪና፣ አንዱ በእግሩ ወደ ቁልቢ ይወጣል። ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ አለ። ልጅ አዝላ «ከሰጠኸኝ ይዤው እመጣለሁ ብዬህ ነበር፤ ይኸው» የምትል እናት አለች። ጥላ የያዘ፣ ሻማ የያዘ፣ መጋረጃ የያዘ አለ። ከባሕር ማዶ የዓመት ፈቃዱን ለዚሁ ብሎ ያዋለም አለ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ምን እያደረጉ ነው?

(አጭር ዝምታ)

እየተመለሱ ነው። አንድ ቀን ጨንቋቸው ለምነው ነበር፤ የለመኑት ሲሰጣቸው ተቀብለው ዝም አላሉም፤ ተመለሱ። ይህን መመለስ ያዙልኝ። ዛሬ ደጋግመን እንጠራዋለን።

አሁን ወደ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 እንሂድ። ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዝ በሰማርያና በገሊላ መካከል ያልፋል። ወደ አንዲት መንደር ሲገባ ለምጽ የያዛቸው ዐሥር ሰዎች አገኙት። ርቀው ቆሙ። ለምን ራቁ? በኦሪት ዘሌዋውያን እንደተደነገገው ለምጽ ያለበት ሰው ከሰፈር ውጭ ነበር የሚኖረው፤ ልብሱን ቀዶ፣ ርኩስ መሆኑን በገዛ አፉ እየጮኸ። ሚስቱን የሚያየው ከሩቅ ነው። ልጁን የሚያየው ከሩቅ ነው። ገበያም፣ ምኩራብም ለእርሱ ከሩቅ ነው።

ከዚያው ከሩቅ ሆነው ምሕረት ለመኑት። ምን መለሰላቸው? «ድናችኋል» አላላቸውም። እጁንም አልጫነባቸውም። ሄደው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ብቻ ነገራቸው።

ልብ በሉ አድማጮቼ፤ ለካህን የሚታየው የዳነ ሰው ነው። ካህኑ መርምሮ «ነጽተሃል» እንዲለው ነው የሚሄደው። እነዚህ ሰዎች ግን ገና አልዳኑም። እጃቸውን ቢያዩ ለምጹ እንዳለ ነው። ታዲያ ምን ይዘው ይሂዱ?

ሄዱ! ወንጌሉ የሚለን ሲሄዱ ሳሉ ነጹ ነው። ፈውሱ ያገኛቸው መንገድ ላይ ነው። መታመን የምንለው ይህን ነው፤ ማስረጃው እጅ ሳይገባ እግር መነሣቱን። ደግሞም ይህን ያደረጉት ዐሥሩም ናቸው። ዘጠኙን ስንወቅስ ይህን እንረሳዋለን እንጂ ዘጠኙ እምነት የሌላቸው ሰዎች አልነበሩም።

እንዲያውም እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ዘጠኙን አጥብቄ ለመውቀስ አፌ አይደፍርም። ለካህን መታየት ደርሶ መልስ አልነበረም። ሁለት ወፎች ይቀርባሉ፣ ሰውየው ልብሱን ያጥባል፣ ጠጉሩን ይላጫል፣ ሰባት ቀን ከቤቱ ደጅ ይቆያል፣ በስምንተኛው ቀን መሥዋዕት ይዞ ይቀርባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሰው መሆኑ የሚታወጀው። ልጁን አቅፎ መሳም የናፈቀው አባት ቢጣደፍ ይፈረድበታል? ያውም ሂዱ ያላቸው ራሱ ጌታ ነው። «ታዘዝን እንጂ ምን አጠፋን?» ቢሉ መልሱ ቀላል አይደለም።

አንዱ ግን መዳኑን ባየ ጊዜ ተመለሰ። በታላቅ ድምፅ እግዚአብሔርን እያከበረ መጣ፤ ከጌታ እግር ሥር በግንባሩ ወድቆ አመሰገነ። ወንጌላዊው ይህን ሁሉ ከነገረን በኋላ ነው ሰውየው ሳምራዊ እንደነበረ የሚጨምርልን፤ አይሁድ አብረውት የማይበሉት፣ የማይጠጡት ባዕድ። ጌታም የነጹት ዐሥር እንደነበሩ አንሥቶ ዘጠኙ የት እንዳሉ ጠየቀ።

አሁን ጥያቄ፦ የተመለሰው ሰው ከዘጠኙ የበለጠ ጤና አግኝቷል?

(አጭር ዝምታ)

አላገኘም። የዐሥሩም ገላ እኩል ነጽቷል። ዘጠኙ ጤናቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እርሱ ጤናውን ይዞ ሰጪውን አገኘ። ያ ከሩቅ ይጮኽ የነበረ ሰው አሁን ከእግሩ ሥር ነው። ርቀቱን የዘጋው ፈውሱ ብቻ አይደለም፤ መመለሱ ነው።

ደግሜ ልበለው። ዐሥሩም ታምነው ሄዱ። አመስግኖ የተመለሰው አንዱ ነው።

(በገና፤ ለአጭር ጊዜ)

ወደ እኛ ቤት እንምጣ። በእኛ ዘንድ መመለስ የለም አይባልም። ስእለት አለ። ቅዳሴው ውስጥ የምስጋና ጸሎት አለ። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት እሑድ እሑድ ተነሥቶ ምስክርነት መስጠት አለ። ከማዕድ በኋላ «ስብሐት» ሳይባል የማይነሣበት ቤት ብዙ ነው።

ግን እስቲ በሐቀኝነት እንነጋገር። የምንመለሰው ስለ ምን ስለ ምን ነው? ልጅ ስለ ተወለደ። ቪዛ ስለ ተመታ። ዕጢው ክፉ አይደለም ስለ ተባለ። እነዚህ ትልልቅ ናቸው፤ እልልታ ይገባቸዋል። በትልልቆቹ መካከል ያለው ረጅሙ ኑሮስ?

የውኃን ነገር ውሰዱ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። የሄደች ቀን ሰፈሩ ሁሉ ያማርራል። ሌሊት ስትመጣስ? ቧንቧው ሲንፏፏ የሰማ ሰው ዘሎ ይነሣል፤ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ በርሜል፣ ያለውን ሁሉ ይደረድራል። ሞልቶ ሲጨርስ ደክሞት ይተኛል። አመሰገነ? ጊዜም አላገኘ! ለዚህ ነው ዘጠኙን መውቀስ የሚከብደኝ፤ አብዛኛውን ቀን ከእነርሱ ጋር ነን። ክፋት ሳይኖርብን፣ የተሰጠንን ለመሸከም ስንጣደፍ።

«ኧረ እኔስ በቀን መቶ ጊዜ ተመስገን እላለሁ» የሚል ይኖራል። ደግ ነው፤ አትተዉት። ነገር ግን ስለ ምን እንደሆነ ጨምሩበት። ቅዳሴው ላይ ያለውን የምስጋና ጸሎት ልብ ብላችሁ ስሙ። በደፈናው አመስግኖ አያልፍም፤ መጠበቁን፣ መርዳቱን፣ እስከዚያች ሰዓት ማድረሱን አንድ በአንድ እየጠራ ነው የሚያመሰግነው። የዳዊትን መዝሙር 135 ደግሞ አውጡና አንብቡ፤ በሌላው አቆጣጠር 136 ነው። 26 ቁጥር አለው፤ በእያንዳንዱ ቁጥር ስለማያልቀው ምሕረት የሚናገር አንድ ሐረግ ይመለሳል። ሰማይን መፍጠሩን፣ የኤርትራን ባሕር መክፈሉን፣ ነገሥታትን መጣሉን እየጠራ ይመጣና መጨረሻው ላይ ለሥጋ ለባሽ ሁሉ ምግብ መስጠቱን ያነሣል። ባሕር መክፈልና ምሳ መብላት በአንድ መዝሙር ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ምስጋና! ዘማሪው አንዱ ትልቅ ነው፣ አንዱ ትንሽ ነው አላለም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ስትጸልዩ አንድ ነገር በስሙ ጥሩ። «የሕፃኑ ትኩሳት ስለ በረደ።» «አከራዬ እስከ ወር መጨረሻ ስለ ታገሠኝ።» «ከባለቤቴ ጋር ሳንኳረፍ ስላደርን።» በስሙ የተጠራ ነገር በሚቀጥለው ቀን አይጠፋም፤ የጨነቃችሁ ቀን ተመልሳችሁ ታገኙታላችሁ። ያኔ የረዳኝ ዛሬም አይተወኝም ለማለት ያኔ ምን እንዳደረገ ማስታወስ ያስፈልጋል። የትናንቱ ምስጋና የዛሬው መታመን ስንቅ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

(በገና፤ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

አሁን ከበድ ወዳለው ልግባ። የለመንነው ባይመጣስ?

በስእለቱም፣ በምስክርነቱም አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሁሌ የምንሰማው የተሳካለትን ነው። ቪዛ ያገኘው ይመሰክራል፤ የተከለከለውስ የት ቆሞ ይናገር? ልጅ የወለደችው እልል ይባልላታል፤ ዐሥር ዓመት ለምና ያልወለደችው እኅታችን እልልታውን ቁጭ ብላ ትሰማለች። «እኔ እምነት ጎድሎኝ ይሆን?» ብትል ምን እንመልስላታለን?

መልሱን ሩቅ አንፈልገው። ታኅሣሥ 19 የሚከበርበትን ታሪክ ራሱን እንየው። የሦስቱ ወጣቶች፣ የአናንያ፣ የአዛርያና የሚሳኤል ታሪክ ነው፤ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3። ንጉሡ ናቡከደነፆር የወርቅ ምስል አቁሞ ስገዱ አለ። እምቢ አሉ። ቅጣቱ በሚነድ እቶን ውስጥ መጣል ነበር። ከመጣላቸው በፊት ንጉሡ አንድ ጊዜ ዕድል ሰጣቸው።

ምን ብለው መለሱ? አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ እኛም የምንለውን ብለው ነበር። እነርሱ ግን ቀጠሉ፤ ባያድነንም እንኳ ለምስልህ አንሰግድም አሉ።

ባያድነንም እንኳ!

በዚያች ሰዓት መልአክ እንደሚመጣ የነገራቸው የለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያዳናቸው ቅዱስ ገብርኤል እንደሆነ ይተርካል፤ እነርሱ ግን ይህን ትውፊት አላነበቡም። የሚያዩት እሳቱን ነው። መታመናቸው ከመዳናቸው ጋር የታሰረ ውል አልነበረም። «ካዳንኸኝ እታመንሃለሁ» አላሉም።

አንድ ነገር ልጨምር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሦስቱ ወጣቶች የዘመሩት ረጅም የምስጋና መዝሙር ተጽፏል። ፀሐይንና ጨረቃን፣ ዝናብንና ጠልን፣ ተራሮችንና ምንጮችን ሁሉ ኑ አመስግኑ እያሉ ይጠራሉ። መቼ ዘመሩት? ከእሳቱ ወጥተው፣ ልብሳቸውን ለውጠው፣ ንጉሡ ሹመት ከሰጣቸው በኋላ? አይደለም። እሳቱ ውስጥ ሳሉ ነው።

ስለዚህ ወደ ቁልቢ የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ስእለታችሁ ሰምሮ ከሆነ እሰየው፤ አስገቡ፣ እልል በሉ። ሳይሰምርላችሁ የምትሄዱ ደግሞ አንገታችሁን አትድፉ። የበዓሉ ታሪክ ይበልጡን የእናንተ ነው።

(አጭር ዝምታ)

«ታዲያ መታመን ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው?» ብላችሁ የምትጠይቁ አላችሁ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 ላይ ያለውን የመናውን ነገር አስታውሱ። መናው ከሰማይ ይወርዳል፤ አፍ ውስጥ ግን አይወርድም። እስራኤላውያን ማልደው ተነሥተው መልቀም ነበረባቸው፤ ፀሐይ ከሞቀ ይቀልጣል። የተኛ ጾሙን ይውላል። በሌላ በኩል «ነገ ባይመጣስ?» ብሎ ለነገ ያሳደረው ሰው ጠዋት ሲያየው ተልቶና ሸትቶ አገኘው። ለሰንበት የሚሆነው ብቻ በስድስተኛው ቀን እጥፍ ተለቅሞ ሳይበላሽ ያድር ነበር።

እዚህ ላይ ዕቁብ የምትጥሉ እንዳትደነግጡ! መቆጠብ ኃጢአት አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ ሰባት የጥጋብ ዓመታት እህል አከማችቶ ሀገር አትርፏል። ዮሴፍ ያከማቸው ግን እግዚአብሔር በፈርዖን ሕልም ያሳየውን አምኖ ነው፤ እነዚያ ያሳደሩት የተባሉትን ባለማመን ነው። ጤፍና ኪራይ በሚያስጨንቅበት ጊዜ ይህን መለየት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ምናልባት እንዲህ ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ፦ ይህን የማደርገው ለነገ ለመዘጋጀት ነው ወይስ ነገን ፈርቼ ነው? ሥራው አንድ ሊሆን ይችላል፤ እንቅልፋችን ግን ይለያያል።

ደግሞ ምስጋናን አፍ ማስያዣ አናድርገው። ዐረብ አገር ለሰው ቤት ሠርታ ደመወዟ የተያዘባትን እኅታችንን «ተመስገን ብለሽ ዝም በይ» ማለት ክርስትና አይደለም። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 የተያዘ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ይናገራል። እግዚአብሔር የሚሰማውን ጩኸት እኛ ለምን እናፍነዋለን?

ለቅሶ ቤትም እንዲሁ። ኢዮብ ልጆቹን ባጣ ቀን የእግዚአብሔርን ስም ባረከ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያለው ራሱ ነው፤ «በል እንጂ» ብሎ ያስገደደው ሰው አልነበረም። ወዳጆቹ ካደረጉት ሁሉ የተሻለው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከጎኑ መሬት ላይ ዝም ብለው መቀመጣቸው ነው። አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ነገሩ የተበላሸው። ልጇን የቀበረች እናት ዘንድ ስትሄዱ ምስጋናውን ለእርሷ ተዉላት፤ በራሷ ጊዜ ትለዋለች። እናንተ ንፍሮውን አቅርቡ።

(በገና፤ ለአጭር ጊዜ)

ልንጨርስ ስለሆነ ስለ ሰው ማመስገን አንድ ነገር ልበል። ስለ ጭንቀት ስንናገር ሁላችንም ፊልጵስዩስ ምዕራፍ 4ን እንጠቅሳለን፤ ልመናችንን ከምስጋና ጋር እንድናቀርብ የሚመክረውን። ግን መልእክቱ ለምን እንደተጻፈ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ቅዱስ ጳውሎስ ታስሯል። የፊልጵስዩስ ምእመናን አፍሮዲጡ በሚባል ወንድም እጅ ስጦታ ላኩለት። አፍሮዲጡ ታምሞ ለሞት ቀርቦ ነበር፤ እግዚአብሔር ምሮታል። እንግዲህ ያ መልእክት አንዱ ጉዳዩ «የላካችሁት ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለት ነው። ጳውሎስ ሁሉ የሚመጣው ከእግዚአብሔር እንደሆነ ያውቃል። ይህን ማወቁ ግን ያመጣውን ሰው ከማመስገን አላስቀረውም። ፊልጵስዩስ ደግሞ እርሱና ሲላስ ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የዘመሩባት ከተማ ናት። ያን የእስር ቤት መዝሙር የሚያውቁ ሰዎች ሌላ እስር ቤት ላለው ወዳጃቸው ስንቅ ላኩ፤ እርሱም መልሶ አመሰገነ።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ቀላል ነው። ማታ ማታ አንድ ነገር በስሙ ጠርታችሁ እግዚአብሔርን አመስግኑ፤ ይህን ተናግሬያለሁ። ከዚያ በተጨማሪ አንድ ሰው ፈልጉ። ውለታው እናንተ ዘንድ ያለ፣ እስካሁን ያልተመለሳችሁለት ሰው። ደውሉለት። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «እትዬ፣ ያን ጊዜ ታምሜ ተኝቼ ያመጡልኝን አጥሚት አልረሳሁትም» በሉ። «ጋሼ፣ ለትምህርት ቤት የከፈሉልኝን ዛሬም አስበዋለሁ» በሉ። ምን ይላሉ መሰላችሁ? «ኧረ ተወው፣ የምን ምስጋና ነው» ይላሉ። እናንተ ግን አትተዉት።

የጠራችሁትን ነገር ወይም የደወላችሁለትን ሰው ጻፉልን፤ ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ለምናችሁ ያልተሰጣችሁ፣ እንዲያም ሆኖ የምታመሰግኑ ካላችሁም ጻፉ፤ የእናንተን ደብዳቤ አስቀድመን እናነባለን።

በሚቀጥለው ሳምንት በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ያሉትን የእንጉርጉሮ መዝሙሮች እንመለከታለን፦ ዳዊት «እስከ መቼ?» ብሎ ለእግዚአብሔር ሲያማርር ማን ፈቀደለት? እስከዚያ አስባችሁበት ቆዩን። ቸር ያሰንብተን።

(በገና ከፍ ብሎ ዝግጅቱን ይዘጋል)